ላንድሮቨሯ እስክትነሳ

በሰፈራችን አባቴ መኪና መፍታት እንጂ መግጠም አይችልም ይባል ነበር። እኔም ከሚሉት አንዷ ነበርኩ። ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ስለ መኪና የማውቀው ነገር ቢኖር የሰው መኪና እንደሚሄድና የእኛ እንደማይሄድ ብቻ ነበር።

የእኛዋ አሮጌ ላንድሮቨር ፒካፕ ነበረች። አያቴ በሚሲዮን ክሊኒክ ዘበኛ ሆነው ኖረው፣ ፈረንጆቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ የተዉላቸው ናት። በደህና ዘመኗ ያላመላለሰችው ነገር የለም ይላሉ፤ ገብስ፣ በሽተኛ፣ ሙሽራ፣ አስከሬን። እኔ ስደርስ ግን ጓሯችን እንሰቱ መሀል ቆማ ዶሮዎቻችን ጋቢናዋ ውስጥ እንቁላል ይጥሉ ነበር። አባቴ ሽብሩ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ነው። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ሌሞ ገጠር ጭቃ ላይ ስትቀር በሽቦና በሳሙና ጠጋግኖ በግማሽ ሰዓት ያስነሳታል እየተባለ ይወራለታል። ይሄንን ወሬ ከጓሯችን መኪና ጋር ማስታረቅ አልችልም ነበር። መጠርጠር የነበረብኝ እዚያው ላይ ነው፤ ግን የስድስት ዓመት ልጅ አባቷ ሰነፍ ነው ብላ ታፍራለች እንጂ ሆን ብሎ ነው ብላ አትጠረጥርም።

ነገሩ የተጀመረው በ1998 በመስቀል፣ እኛ ያሆዴ በምንለው በዓል ነው። ቤተዘመዱ እኛ ቤት ተሰብስቧል፤ ሥጋው ተበልቷል፤ ከቡላ የሚሠራው አተካና በቅቤ ርሶ ቀርቧል። ከሁሉም ከፍ ብለው የተቀመጡት አባባ ላምቤቦ ናቸው፤ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ሀደሮ ከተማ ዝንጅብል ነጋዴ። ሁለቱ ልጆቻቸው ደቡብ አፍሪካ ከሄዱ ወዲህ ቤታቸው ሴራሚክ ገብቶለታል፤ በየቅዳሜው እኛ ወዳለንበት ሆሳዕና ከተማ ሲመጡ ለእኛም አንድ ነገር ሳይዙ አይመጡም። ጫማ፣ ቲሸርት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የምትናገር አሻንጉሊት።

በቤታችን የሚወራው ሀዲይኛ ነው። ትልልቆቹ ወደ አማርኛ ሲዞሩ ነገሩ የመንግሥት ወይም የሩቅ ሀገር ነው ማለት ነው። የዚያን ቀን ዞሩ።

«ሽብሩ» አሉ አባባ ላምቤቦ፣ «ነህምያ አሥረኛን ተፈትኖ አልሆነለትም። መናኸሪያ ቆሞ ሊቀር ነው። የእኔዎቹን አየሃቸው። መኪናዋ ትሸጥና እሱም ይሂድ።»

ነህምያ ታላቅ ወንድሜ ነው። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ በሩ ላይ ተደግፎ ቆሞ ፈገግታውን ለመደበቅ ከንፈሩን ይነክሳል።

አባቴ ሳህኑን አስቀመጠ። «እሺ፣ ጋሼ» አለ። «ግን እንዲህ ሆና ለቁርጥራጭ ብረት ካልሆነ ማን ይገዛታል? ከሻንሲዋ ጀምሬ ላድሳት። የተነሳች ቀን ትሸጣለች፤ እሱም ይሄዳል።»

«ብዙ ይፈጃል?»

«ብዙም አይፈጅ።»

አባባ ላምቤቦ ተነስተው ጸለዩ፤ ሁላችንም አሜን አልን። በእኛ ቤት ለታላቅ ወንድም እምቢ አይባልም። ሰው በአፉ እሺ ብሎ በእጁ እምቢ ማለት እንደሚችል ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

እኔ በበኩሌ የሰማሁትን በራሴ ሒሳብ ገጣጠምኩት። ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ነገር ሁሉ የሚመጣው በአባባ ላምቤቦ እጅ፣ ከሀደሮ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ስለዚህ ደቡብ አፍሪካ ከሀደሮ ትንሽ አለፍ ብላ ያለች ከተማ ናት። መኪናዋ ስትነሳ ነህምያ ይሄዳል ካሉ ደግሞ የሚሄደው በእሷው ነው፤ እዚያ ደርሶ ይሸጣታል፣ ቅዳሜ ከአባባ ጋር ይመለሳል። እኔን ጋቢና ያስቀምጠኛል። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም፤ ስለዚህ ማንም አላረመኝም።

በማግስቱ አባቴና ነህምያ መፍታት ጀመሩ። ኮፈኑ ወረደ፣ በሮቹ ወረዱ፣ ሞተሩ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ወጣ። ጋቢናዋን ስምንት ጎረቤቶች ተሸክመው አቮካዶው ዛፍ ሥር ግንድ ላይ አስቀመጧት። በመጨረሻ ሻንሲው ብቻ ቀረ፤ ጓሮው መሀል የተኛ ረጅም የዛገ ብረት። «ይቺ ናት መኪናዋ፤ ሌላው ልብሷ ነው» አለ አባቴ ለነህምያ።

ጋቢናዋ የእኔ ሆነች። እናቴ ርብቃ አስተማሪ ስለሆነች ቀኑን ሙሉ ቤት የለችም፤ አባቴ ከሥራ እንደተመለሰ ከነህምያ ጋር ወደ ሻንሲው ነው። እኔ መሪ የሌላት፣ ወንበር የሌላት ጋቢና ውስጥ ቁጭ ብዬ ማንም የማይሳፈርባትን መኪና እነዳለሁ። ሀደሮ እደርሳለሁ፣ አልፌ ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ፣ ተመልሼ እመጣለሁ፣ ሁለቱ አሁንም ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ብቻዬን ነበርኩ። ቃሉን አላውቀውም ነበር እንጂ ስሜቱን አሳምሬ አውቀው ነበር።

ነህምያ ሻንሲውን በሽቦ ብሩሽ ይፍቃል። ዝገቱ ፀጉሩ ላይ፣ ሽፋሽፍቱ ላይ፣ አንገቱ ላይ ይቀመጣል። ፍቆ ሲጨርስ ቀዩን ጸረ ዝገት ይቀባል። አባቴ ይመጣና ጣቱን በብረቱ ላይ ያስኬዳል።

«ድገመው።»

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ከሥር ነው። ማን ያየዋል?»

«እኔ አይቼዋለሁ። ድገመው።»

ሦስት ጊዜ ተፋቀ፤ ሦስት ጊዜ ተቀባ። አንድ ቀን ነህምያ ብሩሹን ወርውሮ ወጥቶ ሄደ፤ አባቴ ብሩሹን አንስቶ ጠራርጎ ቦታው አስቀመጠው፤ በማግስቱ እንደገና አብረው ናቸው። አባቴ ወንድሜን የሚጠላው ይመስለኝ ነበር። አሁን ስቆጥረው እያንዳንዷ «ድገመው» አንዳንድ ሳምንት ታክላለች። አባት ከልጁ ጋር ጊዜ መግዣ መላው እሱ ሆኖ ነበር።

የተሰነጠቀውን ቦታ ለማስበየድ ሻንሲውን በፈረስ ጋሪ ጭነው መናኸሪያው አጠገብ ጋሽ ሰዒድ ጋ ወሰዱት። ጋሽ ሰዒድ በያጅ ነው፤ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ። ከተማው በሙሉ ያውቀዋል፤ እሱም ከተማውን በሙሉ ይተርባል።

«ሽብሩ፣ ኑህ እንኳን መርከቡን ጨርሷል» አለው አባቴን።

አባቴ አልሳቀም። እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ውስጥ ወሰደው፤ ለረጅም ጊዜ ቆዩ። ሲወጡ ጋሽ ሰዒድም ቀልዱን ትቶ ነበር። በየደ፤ ተመለስን። ከአሥር ቀን በኋላ አባቴ «ብየዳው አልያዘም» አለና እንደገና በጋሪ ተጫነ። ቀጥሎም እንደገና።

ጋሽ ሰዒድ ሁሉንም ነገር የነገረኝ አምና ነው። አሁን ሀደሮ አስተምራለሁ፤ ለወላጆቼ ቤት የመስኮት ፍርግርግ ላሠራ ሄጄ ነበር። የማውቅ መስሎት እየሳቀ ነው የጀመረው። «የኔ ብየዳ አልያዘም ተብሎ ሲወራ ዝም ያልኩት ለአባትሽ ስል ነው እንጂ» አለ፣ «ያቺ ብየዳ ዛሬም ይዛለች። ልጁ በተመላለሰ ቁጥር ማስኩን አደርግለትና አንድ ሁለት መስመር አስበይደው ነበር። የአባትሽም ሐሳብ እሱ ነው። እጁም ሥራውን ለምዶ ነበር። በኋላማ የመኪናው ሥራ ሳይኖርም ይመጣ ጀመር።» ከዚያ ፊቴን አይቶ መሳቁን አቆመ።

ይሄንንም አስታውሳለሁ፤ ነህምያ ማታ ማታ ዓይኑ ቀልቶ ይመጣና እናቴ የድንች ቁራጭ ታደርግበታለች። ደቡብ አፍሪካ ስለመሄድ የሚያወራው ነገር እየቀነሰ ነበር። እኔ ይሄን የታዘብኩት በቁጭት ነው፤ ጋቢና የምቀመጥበት ቀን እየራቀ ነዋ።

ከአዲስ አበባ የሚመጡ ዕቃዎች ነበሩ። አባቴ በወረቀት ይጽፋል፣ የአውቶቡስ ሹፌር ይወስዳል፣ ዕቃው ሲመጣ ከዚህች መኪና ጋር አይገጥምም። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። «የአዲስ አበባ ሰው እንዲህ ነው» ትላለች እናቴ፤ እኔም አዲስ አበባን በሌባ ከተማነት ያዝኳት። የዕቃውን ቁጥር በወረቀቱ ላይ የሚጽፈው አባቴ ራሱ መሆኑን ሁለታችንም አላሰብነውም።

ሁለተኛው ያሆዴ መጣና አለፈ። አባባ ላምቤቦ በየቅዳሜው ይመጣሉ፣ ሻንሲውን በከዘራቸው ነካ ያደርጋሉ፣ «እህ?» ይላሉ። አባቴ «ትንሽ ቀርቷታል፣ ጋሼ» ይላል። ግን ሥራ ሥራ ነውና፣ ቢያዘገዩትም እየተሠራ ያልቃል። የፋሲካ ሰሞን ሻንሲው ላይ ሞተሩ ተቀመጠ፣ ጋቢናዬም ከአቮካዶው ሥር ተነስታ ቦታዋ ገባች፤ አረንጓዴ ተቀባች። ሰፈሩ ሁሉ ሊያያት መጣ። አባቴ ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ ሲጮህ፣ ሲጮህ ቆየና ሳይነሳ ዝም አለ።

«አንዲት ዕቃ ጎድላለች» አለ አባቴ። ለነህምያ ሲያስረዳው ሰማሁ፤ አውራ ጣት የምታክል ጥቁር ነገር ናት፣ ጫፏ ላይ ነሐስ አላት፣ ለየካንዴላው እሳት የምታከፋፍለው እሷ ናት፣ ያለ እሷ መኪናዋ አትነሳም። መኪናዋ ስትፈታ በሣጥን ተቀምጣ ነበር፤ አሁን የለችም። ጓሮውን በመጥረጊያ፣ የዶሮውን ቤት በእጃችን በረበርን። ሌላ እንድትገዛ አባቴ በወረቀት ጻፈ። የመጣችው አልገጠመችም።

አባባ ላምቤቦ ቤተሰቡን ሰብስበው ዕቃዋ እንድትገኝ ረጅም ጸሎት ጸለዩ። የአባቴ አሜን ከሁላችንም ዘግይታ ወጣች። እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከአልጋዬ ሳልወርድ ለእግዚአብሔር ስለዚያች ጥቁር ዕቃ አስታውሰዋለሁ። መልኳን ሳይቀር ነግሬዋለሁ፤ እንዳይሳሳት።

በግንቦት አንድ እሑድ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪያችን የቃል ጥናት ሰጠችን። ከአምልኮ ተመልሰን፣ ትልልቆቹ ምሳ በልተው ጓሮ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል፤ አባባ ላምቤቦም አብረው አሉ። እኔ ጥቅሱን ልፈልግ ገብቼ የአባቴን መጽሐፍ ቅዱስ አወጣሁ። ዚፕ ያለው የቆዳ ሽፋን አለው፤ ከጀርባው የመባ ፖስታ የሚያስቀምጥበት ኪስ ነበረ። ኪሱ አብጧል። ስነካው ጠንካራ ነገር ነው። በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር፤ ፈታሁት።

አውራ ጣት ታክላለች። ጥቁር ናት። ጫፏ ላይ ነሐስ አለ።

እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ እግዚአብሔር የሰማኝ እኔን ነው፤ ያስቀመጠልኝም በራሱ መጽሐፍ ውስጥ ነው። አባቴ ረስቷት ይሆናል የሚለው እንኳን ቆይቶ ነው የመጣልኝ። ጨርቁን ይዤ ወደ ጓሮ ሮጥኩና በሁሉም መሀል ቆሜ እጄን ዘረጋሁ።

«አገኘኋት» አልኩ። «አባዬ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ነበረች። ጸሎታችን ተሰማ።»

አባቴ እጁን እየታጠበ ነበር፤ ውሃው ከጣሳው መንጠባጠቡን ቀጠለ። ነህምያ ኮፈኑን ተደግፎ ቆሟል። ዕቃዋን አየ፤ ከዚያ አባቴን አየው፤ ረጅም ጊዜ አየው። ተአምሩ የገረመው መስሎኝ ነበር። ዛሬ የዚያን አስተያየት ትርጉም ባላውቀው እመርጥ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ነህምያ ወደ ብየዳ ቤቱ አልተመለሰም።

መጀመሪያ የተናገሩት አባባ ላምቤቦ ናቸው፤ በሣቅ። «ሽብሩ፣ አሁንስ በእውነት አርጅተሃል» አሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን። በላ ግጠማት።»

አባቴ እጁን በሱሪው አደረቀ። ዕቃዋን ከእጄ ወሰደ፤ በሸሚዙ ጫፍ ወለወላት፤ ኮፈኑን ከፍቶ ገጠማት። ቁልፉን አዞረ። በሦስተኛው ተነሳች፤ ዶሮዎቹ ወደ እንሰቱ በረሩ፣ እናቴ እልል አለች። አባቴ ወርዶ በአጠገቤ ሲያልፍ እጁን ራሴ ላይ አሳረፈ። «ጎበዝ» አለኝ። እጁ ከብዶኝ ነበር። ኩራት ነው ብዬ ነው የያዝኩት።

«ሲገጥማት ለምን አልሰበራትም?» ብዬ ጋሽ ሰዒድን ጠየቅሁት አምና። «አንዴ ጠበቅ ቢያደርጋት ትሰበር አልነበረም?»

«እኔም ይሄንኑ ነው የጠየቅሁት» አለኝ። «'ልጅቷ እያየችኝ ነበር' አለኝ። 'እግዚአብሔር ሰማኝ ብላ የመጣች ልጅ ፊት እንዴት አድርጌ' አለኝ። በዋዜማው ቅዳሜ ደግሞ እዚሁ ተቀምጦ፣ እስከ ያሆዴ ብይዘው ልጁ ካንተ ጋ ይቀራል፣ ሐሳቡንም ይተዋል ብሎኝ ነበር።»

በሳምንቱ ከዱራሜ የመጣ ሰው ላንድሮቨሯን ገዝቶ ወሰዳት። ነህምያ ሳይሳፈርባት፣ እኔም ጋቢና ሳልቀመጥ በበራችን ወጥታ ስትሄድ መሬት ላይ ተንከባልዬ አለቀስኩ። ሁሉም ለመኪናዋ ያለቀስኩ መሰላቸው፤ ልክ ነበሩ። ለነህምያ አላለቀስኩም። ከሦስት ሳምንት በኋላ መናኸሪያ ስንሸኘው ተንበርክኮ በአንዲት ትንሽ ቦርሳ ማሰሪያ እየተጫወተ «አንቺ ባትኖሪ እስከ ዛሬም አልሄድም ነበር» አለኝ። «ውለታሽን አልረሳም።» ትምህርት ቤት ለጓደኞቼ በኩራት አወራሁት። ከዚያ በመጣው ቅዳሜ መንገድ ዳር ቆሜ ጠበቅሁት። አባባ ላምቤቦ ብቻቸውን መጡ። «ገና መንገድ ላይ ነው» አሉኝ። የሚቀጥለውም ቅዳሜ እንደዚያው። ደቡብ አፍሪካ ከሀደሮ አለፍ ብላ እንደሌለች የገባኝ በዚያ መንገድ ዳር ነው፤ የነገረኝ ሰው የለም፤ ቅዳሜዎቹ ሲበዙብኝ ነው።

በሐምሌ ከማላዊ በሰው ስልክ ደወለ። ደህና ነኝ፣ ነገ እንነሳለን አለ። ከዚያ ወዲያ አልደወለም። ከተማው ሚሊኒየሙን ሲያከብር እኛ ቤት አራት ሰው ሆነን አንድ ስልክ ከበን ተቀምጠን ነበር፤ አራተኛው አባባ ላምቤቦ ናቸው። የወሰደው ደላላ ጠብቁ አለ፤ ቀጥሎ ደላላውም ጠፋ። ሞተ ያለን የለም፤ አለ ያለንም የለም። መርዶ ሳይመጣ ለቅሶ አይቀመጡምና ለቅሶ አልተቀመጥንም፤ ሰው መጥቶ አላጽናናንም። አባባ ላምቤቦ እያደር መምጣቱን ተዉ። አባቴ ጓሮው ውስጥ ብረት የሚባል ነገር ዳግመኛ አልነካም። የነህምያ ስም በቤታችን ሳይከለከል ተከለከለ። እኔም በዚያ ቤት ብቸኛ ልጅ ሆኜ አደግሁ፤ ዕቃዋን ስላገኘሁባት እሑድ አንድም ቀን ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም።

ከጋሽ ሰዒድ ጋር ያወራሁ ቀን ቀጥ ብዬ ቤት ሄድኩ። እናቴ የሴቶች ጸሎት ሄዳለች። አባቴ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ በረንዳው ላይ በቆሎ ይፈለፍላል። አጠገቡ ተቀምጬ እኔም መፈልፈል ጀመርኩ።

«ጋሽ ሰዒድ ነገረኝ» አልኩት።

«ምን?»

«ያቺን ዕቃ የደበቅሃት አንተ እንደሆንክ።»

አንድ ራስ በቆሎ ፈልፍሎ ጨረሰ። «ሰኞ ልገጥማት ነበር» አለ። «ጨርሼ ወስኜ ነበር። በአንድ ቀን ነው የቀደምሽኝ።»

«አባዬ፣ እስከ ያሆዴ ብለኸው ነበር።»

«ሰዒድ አርጅቷል፤ ቀን ያምታታል።» ቆሮቆንዳውን ወረወረ። «ያን ጊዜ ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«ስምንት።»

«የስምንት ዓመት ልጅ መኪና አታስነሳም። የገጠምኳት እኔ ነኝ። ቁልፉን ያዞርኩት እኔ ነኝ። ይሄን ነገር ሁለተኛ እንዳታነሺው።»

እየዋሸኝ እንደነበር አውቃለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ይሄን ውሸት አዘጋጅቶ፣ አንድ ቀን ብጠይቀው ብሎ ይዞት እንደቆየም አወቅሁ። ላቅፈው ፈለግሁ፤ እኛ ቤት አልተለመደም። በቆሎዬን ፈለፈልኩ።

አባቴ ሌላ በቆሎ አነሳ። «ድምፁን ታስታውሻለሽ?» አለኝ ቀና ሳይል።

የማንን ብዬ አልጠየቅሁም።

«እኔ ጠፋብኝ» አለ። «መልኩስ ፎቶው አለ። ድምፁ ነው የጠፋኝ። ካቻምና ድረስ ነበረኝ። እናትሽን እንዳልጠይቃት፣ እሷም ጠፍቷት ቢሆንስ እያልኩ።»

እኔም አላስታውሰውም። ከጠፋብኝ ቆይቷል።

«አስታውሳለሁ» አልኩት።

«እንዴት ነበር?»

ዝግ ያለ ነበር አልኩት፤ ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ትንሽ ይጠርጋል፤ ሲስቅ ከድምፁ ትንፋሹ ይበልጣል፤ የሰው ስም ሲጠራ መጨረሻው ላይ ያለሰልሰዋል። አባቴ በቆሎውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠኝ። «አዎ» አለ። «አዎ፣ እሱ ነው።» የነገርኩት የአባቴን የራሱን ድምፅ ነበር።